ወደ ገደሉ ወረደች

ሰብለ ከሶዶ ስትነሣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበር። ሰዓቱን በማስታወሻ ደብተሯ ጻፈችና ከሥሩ «ሰማዩ ጥርት ያለ ነው» ብላ ጨመረች። ላፕቶፑን ቦርሳ ውስጥ ከትታ በላስቲክ ጠቅልላ ጀርባዋ ላይ አዘለች።

ታላቅ ወንድሟ ጌታነህ ከጠፋ አራተኛ ቀኑ ነው። ሰኞ ዕለት በሁምቦ ተራሮች ደን ውስጥ የተተከሉትን የዝናብ መለኪያዎች ሊፈትሽ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ደኑ ውስጥ ስልክ ስለማይሠራ ፈላጊዎች ሁለት ቀን የመኪና መንገዱን ይዘው ባከኑ። ሰብለ አላለቀሰችም። ልቧ ሲተኙበት እንደ ደነዘዘ ክንድ ሆኖባት ነበር፤ የራሷ መሆኑን ብታውቅም አይሰማትም።

ትናንት ከሰዓት የፈላጊዎቹን መዝገብ መስመር በመስመር ስታነብ ድንገት ቆመች። ሶርሳ የሚባል የደን ጠባቂ በስልክ የሰጠው ቃል ነበር፦ «ሰኞ ዕለት አንዲት ሴት ወደ ገደሉ ስትወርድ ታይታለች። ከተፈላጊው ጋር አይገናኝም።»

ወዲያው ደወለችለት።

«ጋሽ ሶርሳ፣ ያዩትን ሰው ልክ እንዳዩት ይንገሩኝ።»

«መንገድ ላይ አገኘኋት። ቦርሳ ይዛለች፣ ጺም አላት። ሰላም አለችኝ፣ ወደ ገደሉ ወረደች። ነገርኳቸው እኮ! አይገናኝም አሉ።»

ሰብለ አረካ ነው ያደገችው። በእናቷ የወላይታ ዜማ ባለው አማርኛ ጌታነህም «መጣች»፣ እሷም «መጣች» ነበሩ፤ እሷ አንዳንዴም «አንተ» ትባል ነበር። ስልኩን የተቀበለው ሠራተኛ ግን ከሩቅ ተመድቦ የመጣ ሰው ነው። «ወረደች» ሲባል ሴት ብሎ መዘገበ። በአንዲት «ች» ሁለት ቀን ጠፋ።

ሶርሳ ከደኑ ጫፍ ጠበቃት። ስድሳ ዓመት የሞላው፣ እንደ ያዘው ዱላ ቀጥ ያለ ቀጭን ሰው ነው።

«ገደሏ ግማሽ ቀን ታስኬዳለች፣ እህቴ። የቱ ጋ እንደ ወረደች አላየሁም።»

«ይሄ ይነግረናል» አለች ላፕቶፑን እየዳሰሰች። ጌታነህ ከመለኪያዎቹ ላይ መረጃ የሚሰበስብበት ትንሽ ሳጥን ይዞ ነበር። ሳጥኑ በፀሐይ ኃይል ይሠራል፤ ፀሐይ እስካገኘ ድረስ ያለ ገመድ ስሙን ይጠራል። ላፕቶፑ ከተገጠመለት አንቴና ጋር ያንን ጥሪ ሜዳ ላይ ከአምስት መቶ ሜትር ይሰማል።

የመጀመሪያውን ኮረብታ ወጥተው ላፕቶፑን ስትከፍት ምንም አላገኘም። ዝርዝሩ ባዶ ብቻ አልነበረም፤ ፍለጋውም አልጀመረም። የዕቃዎቹን ዝርዝር ከፈተች፤ የገመድ አልባው ካርድ አለ፣ ግን ጠፍቷል። የላፕቶፑን ጎን በጣቷ ዳበሰች። ጥፍር የምታህለው ማብሪያ ቦርሳው ውስጥ ተገፍታ ዞራለች። መለሰቻት። ፍለጋው ጀመረ፤ ዝርዝሩ ግን ባዶ ነበር። ሁለተኛው ኮረብታ ላይም ባዶ። ሁለቱንም ጻፈች።

ከአራት ሰዓት ጉዞ በኋላ ሦስተኛው ኮረብታ ላይ አንድ መስመር ብቅ አለ፦ «እህቴ_ትቆጣለች»። ከዜሮ በታች ሰማንያ ስምንት።

«ምን አለች?» አለ ሶርሳ አንገቱን አስግጎ።

«የሳጥኑ ስም ነው። ወንድሜ ነው ያወጣው። ቁጥሩ ወደ ዜሮ በተጠጋ መጠን እኛም ተጠግተናል ማለት ነው።»

«ትቆጣለህ እንዴ አንተ?»

«እቆጣለሁ» አለች፣ ፊቷ ሳይፈታ።

ቁልቁል ሲወርዱ ከአባያ ሐይቅ በኩል ጥቁር ደመና ተግተልትሎ መጣ። ፀሐይዋ ስትሸፈን ስሙ ደበዘዘና ጠፋ። ዝናቡ በድንጋይና በግራር ላይ ተወረወረ። ደረቁ ጅረት በቅጽበት ሞልቶ ቀይ ጎርፍ ግንድ እያንከባለለ አጓራ። ሰብለ ላፕቶፑን አናቷ ላይ ጭና በሶርሳ ዱላ ተመርታ እስከ ወገቧ ገባች። መሐሉ ላይ እግሯን ውኃው ነጠቃት፤ ሶርሳ በክንዷ አንጠልጥሎ ጎተታት። ጎርፉ ወዲያ ማዶ ተፋቸው።

«ፈራህ?»

«አላውቅም» አለች። እውነቷን ነበር።

ፀሐይ ተመለሰች፤ ስሙም ተመለሰ። ሰማንያ አራት። ሰብለ ዐይኗን ከላፕቶፑ ማያ ሳታነሣ ስትራመድ፣ ከቁጥቋጦው ሥር ካለ ጉድጓድ ከርከሮ ተፈናጥሮ ወጣ። ሶርሳ ገፈተራትና በዱላው አናቱን መታው። አውሬው ጥርሱን በላፕቶፑ ቦርሳ ላይ ሰንዝሮ ላስቲኩን ቀደደና እየነፋ ጫካው ውስጥ ገባ።

«ጎበዝ ናት ከርከሮዋ» አለ ሶርሳ እያለከለከ፣ የተሰነጠቀ ዱላውን እያየ።

ሰብለ ተቀምጣ ማያውን ተመለከተች። ጥጉ ተሰንጥቋል፤ ይሠራል። ሰባ ዘጠኝ። ደቂቃ ጠበቀች። ሰባ አራት። ስድሳ ዘጠኝ።

«ጋሽ ሶርሳ፣ እኛ ቆመናል። ሳጥኑ ግን እየመጣ ነው።»

«እሷ ናት! መጣች!»

ሰብለ አልተነሣችም። ጌታነህ ቢሆን ቁልቁለት ላይ ያፏጭ ነበር። የሚሰማው የአህያ ኮቴ ነው።

ሁለት ሰዎች ከዛፎቹ መሐል ወጡ። ፊት የሚሄደው ገጀራ ይዟል፤ ጓደኛው አህያ ይነዳል። አህያዋ ጀርባ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ታስሯል፤ ከሱ የወጣች ሽቦ ጆንያ ውስጥ ገብታለች። ሶርሳ ባለገጀራውን አወቀው።

«ደግፌ! ይህቺን ከየት አመጣህ?»

«ገበያ ገዛኋት። ምን አገባህ?» ገጀራውን ወደ ላይ አነሣ።

ሰብለ ላፕቶፑን ወደሱ አዞረች። «ሠላሳ ስምንት ይላል። ሳጥኑ ጆንያህ ውስጥ ስሙን እየጠራ ነው። ባለቤቱ ወንድሜ ነው።»

ደግፌ ሽቦዋን አየ፣ ጆንያውን አየ። ገጀራው ዝቅ አላለም።

«ውሰደው» አለች ሰብለ። «ሰሌዳውንም። ያገኘህበትን ቦታ ብቻ አሳየኝ።»

ሶርሳ በወላይትኛ ረጅም ነገር ተናገረው። ከፍጥነቱ የተነሣ ከመሐሉ ሰብለ «እናትህ» የሚለውን ብቻ ለየች። የደግፌ ጆሮ ቀላ።

«ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር፣ ጠዋት» አለ በመጨረሻ። «ተጣርተን ነበር። ማንም አልመለሰም።»

ግማሽ ሰዓት ሮጡ። አፋፉ ላይ አፈሩ ተንዷል፤ ታች ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ እንጂ ሌላ አይታይም። ሰብለ ላፕቶፑን ዘጋችው። ከዚህ በኋላ የሚነግራት ነገር የለም። የአህያዋን ገመድ ፈትተው ሶርሳን አወረዱት፤ ሰብለ፣ ደግፌና ጓደኛው ገመዱን ይዘው ተረከዛቸውን ድንጋይ ላይ ተከሉ። ገመዱ ላላ። ቅጠል ተንኮሻኮሸ። ከዚያ ዝምታ ሆነ። በልቧ መቁጠር ጀመረች፤ መቶ አርባ ላይ ደረሰች።

«አለች!» ብሎ ጮኸ ሶርሳ ከታች። «አለች! እግር ተሰብራለች፣ ውኃ ጠምታለች፣ አለች!»

ሰብለ ወደ አፋፉ ጎንበስ አለች። ገመዱን ግን አልለቀቀችም።

«ጥያቄ አላት!» አለ ድምፁ እንደገና። «ተቆጥታለች ወይ ትላለች!»

ያን ጊዜ ከደነዘዘው ቦታ ሕመም ተነሣ፤ ደም ሲመለስ እንደሚወጋው። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየላት ነገር ከጉሮሮዋ ወጣ።

«በጣም!» ብላ ጮኸች።

ደግፌ ጆንያውን ከአህያዋ አውርዶ ሳጥኑን እግሯ ሥር አኖረና ገመዱን ሊስብ ዞረ። ጌታነህ አፋፉ ላይ ወጥቶ፣ እግሩ በዱላ ታስሮ ውኃ ሲጠጣ፣ ሰብለ ደብተሯን ከፈተች። ሰዓቱን ጻፈች፦ ዘጠኝ ከሃያ። ከጎኑ የሶርሳን ቃል፣ አንዲት ፊደል ሳታርም፣ እንደ ሰማችው አሰፈረች፦ «አለች»።