የማይሰጥ ውሻ

ገመዱ አንገቱን ሲያንቀው ውሻው ምንቸገረኝ አራት እግሩን ጭቃው ውስጥ ተከለ። ቁልቁለቱ ወደ ታች ይስበዋል፤ ነጋዴው ጃፈርም ወደ ታች ይስበዋል። እሱ የሚያየው ግን ወደ ላይ ነበር። አንኮበር በጉም ተውጣ ጠፍታለች። ከዚያ ጉም ውስጥ የልጅቱ የማኅደረማርያም ሽታ ይመጣል፤ እሱም በየኩርባው እየሳሳ ነው።

«ና እንጂ አንተ» አለ ጃፈር ገመዱን እየጎተተ።

«ተወው፣ ፍልሰታ ይዞ ነው» አለ ባቄላ የጫኑትን አህዮች የሚነዳው ታጁ። «የቄስ ውሻ አይደል? ጾሙ እስኪፈታ ጉልበት የለውም።»

«ለመንከስ ግን ጉልበት አላነሰውም። ሱሪዬን እየው።»

ስሙን ያወጣችለት የማኅደረማርያም እናት ይመኙሻል ናት። ደብረ ብርሃን ላይ ከጎረቤቷ ጋር በአጥር ተጣልታ ሳለ ቡችላው ተሰጣት። እሷም እንደ አገሩ ልማድ የሆዷን በውሻ ስም አድርጋ በየማለዳው በአጥሩ በኩል ጮክ ብላ ትጠራው ጀመር። ጎረቤትየዋ በሚገባ ገባት። ውሻው ግን እንደ ስሙ ሆኖ አያውቅም። የሚቸግረው ነገር ነበረው፤ አንዲት ልጅ። ማኅደረማርያምን ትምህርት ቤት በር ድረስ ያደርሳታል፣ እስክትወጣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል፣ ይመልሳታል። ይህን ሥራ የሰጠው ሰው የለም። ስለዚህ ሊያሰናብተው የሚችልም የለም።

ክረምት ሆኖ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቤተሰቡ በሚኒባስ ተሳፍሮ ወደ ልጅቱ አያት፣ ወደ ቄስ ገብረአብ፣ አንኮበር መጣ። ምንቸገረኝ መንገዱን ሙሉ ከወንበር ሥር አስመለሰው። ከዚያ በኋላ ግን እረፍቱን ወደደው። የሚያባርረው ዶሮ አገኘ፤ የሚንከባለልበት እርጥብ ሣር አገኘ። አንድ ነገር ብቻ አልገባውም። ማኅደረማርያም በየቀኑ ነጠላዋን ለብሳ ወደ አንድ ቅጥር ትገባና እሱ ውጭ ይቀራል። አንድ ቀን የበሩ ጠባቂ ዞር ሲል ተከትሏት ገባ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ጫማዋ ብቻውን ተቀምጦ አገኘው። የእሷ ጫማ ያለጠባቂ መቀመጥ የለበትም። በሆዱ ተኛበት። መሪጌታ ወልደተንሣኤ ሊያባርሩት ሲጠጉ ደግሞ ጥርሱን አሳያቸው።

ውሻ ቅጥር ውስጥ መግባቱ ብቻውን ይበቃ ነበር። ቄስ ገብረአብ እቤት እስኪደርሱ እንኳ አልታገሡም። ስልካቸውን አውጥተው ዓልዩ አምባ ለሚኖረው ነጋዴ ለጃፈር ደወሉ።

«ማሽላዬን ዝንጀሮ ፈጀብኝ አላልክም? ውሻ ሰጥቼሃለሁ። ከገበያ ስትመለስ ይዘኸው ውረድ።»

«አባባ፣ የኔ እኮ ነው» አለች ማኅደረማርያም።

«ቃል ወጣ ልጄ። ሰጥቶ መንሳት በዘራችን የለም።»

ጾሙ ሲፈታ ቤተሰቡ ወደ ደብረ ብርሃን ይመለሳል። ሻንጣው ከአልጋ ሥር ወጥቶ በር አጠገብ እንደቆመ ምንቸገረኝ በዓይኑ አይቷል። ሻንጣ በር ላይ ሲቆም ሰው ይሄዳል። ቀድሞ ካልደረሰ እሷም ትሄዳለች።

ጃፈር ክፉ ሰው አልነበረም። ማሽላው መሃል፣ ሰብል ከሚጠበቅበት ማማ እግር ሥር አሰረው። ሚስቱ ሲቲ ቂጣ በወተት አርሳ አቀረበችለት። ምንቸገረኝ በጾሙ ሰሞን በቄስ ቤት የወተት ጠብታ አላየም ነበርና ጣሳውን ልሶ ጨረሰ። መብላት ግን መስማማት አይደለም።

«ይለምዳል» አለች ሲቲ።

«ኢንሻ አላህ» አለ ጃፈር።

ጀርባቸውን እንዳዞሩ ገመዱን በመንጋጋው ነከሰ። ቃጫው ድዱን አደማው። ሰማዩ ጠቆረና ነጎድጓዱ በገደሉ ላይ ተንከባለለ። ደብረ ብርሃን ቢሆን ይህን ሲሰማ አልጋ ሥር ይገባ ነበር። እዚህ አልጋ የለም፤ ጊዜም የለም። በነጎድጓዱ መሃል አላመጠ። ገመዱ ሲበጠስ ግማሹ በአንገቱ፣ ግማሹ በማማው እግር ላይ ቀረ። ምንቸገረኝ ሽቅብ ሮጠ።

በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ፊቱን ገረፈው። ጠዋት አህዮቹ ከቁርጭምጭሚት በማያልፍ ውኃ የተሻገሩት ወንዝ አሁን ደራሽ ሆኗል፤ ድንጋይ እየፈጨ፣ የግራር ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ምንቸገረኝ ዳሩን ወደ ላይ ሮጠ፣ ወደ ታች ሮጠ። መሻገሪያ የለም። ዘለለ።

ውኃው እንደ ቅጠል አነሳው። ሰማይ ከታች፣ ድንጋይ ከላይ ሆነ። አፉ በጭቃ ሞላ። በድንገት አንገቱ ተቀፈደደ። የተንጠለጠለው ገመድ አንድ ሥር ላይ ተጠምጥሞ ያዘው። ሊያንቀው ነው፤ ነገር ግን ያቆመውም እሱ ነው። ጥፍሩን ገደሉ ላይ ሰካ፤ አንድ እግር፣ ሌላ እግር። ወጣ። ገመዱን ከሥሩ መንጭቆ አስለቀቀ፣ አራገፈ፣ ወደኋላ ሳያይ ቀጠለ።

ዝናቡ ሲያባራ መንገዱ ጠበበ። በአንድ በኩል አለት፣ በሌላው በኩል ገደል። ከአለቱ ሥር ዝናብ የተጠለለ የዝንጀሮ መንጋ ተኮልኩሏል። አውራው ብድግ ብሎ መንገዱ መሃል ቆመ፤ ጎፈሩን ነፋ፣ ክራንቻውን አወጣ። ምንቸገረኝ የተሰጠው ይህንን እንዲያባርር ነበር። እሱ ግን ማሽላ የለውም፤ ከዝንጀሮም ጋር ጠብ የለውም። የሚፈልገው ማለፍ ብቻ ነው። አልጮኸም። ራሱን ዝቅ አድርጎ እርምጃውን ቀጠለ።

አውራው ገመዱን ለቀም አድርጎ ወደ ገደሉ ጎተተው። ምንቸገረኝ ተወርውሮ ክንዱን ነከሰ። ጆሮው ላይ እሳት ተሰማው፤ ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገባ። መንጋጋውን አላላላም። በመጨረሻ ዝንጀሮው ጮኸና ገመዱን ለቆ ወደ አለቱ ተለጠፈ። ምንቸገረኝ በፊቱ አለፈ፤ ሮጦ ሳይሆን እያነከሰ፣ በዝግታ።

አንኮበር ገበያ ዳር ሲደርስ ይመሻሽ ነበር። በጾም ሉካንዳው ተዘግቷል፤ ከሉካንዳው ፍርፋሪ የሚኖሩ ውሾች ደግሞ ሳይወዱ ጾመዋል። እንግዳ፣ ያውም ደም የሚሸት እንግዳ ሲያዩ ከየጥጉ ወጡ። ጅራተ ቆራጣው ቢጫ ውሻ ከፊት መጣ። ምንቸገረኝ ጀርባውን ለካብ ሰጥቶ ጠበቃቸው። የመጀመሪያውን አፍንጫውን ነከሰው። ሁለተኛው እግሩን ያዘው። ከዚያ በኋላ ጭቃና ጥርስ ብቻ ሆነ።

«ጾም አፍራሾች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ደመቀች የምትባል ሱቅ ጠባቂ በሯን ከፍታ የድንጋይ ናዳ ለቀቀችባቸው። «ሌላው ቢቀር እርስ በርሳችሁ አትበላሉ!»

ደመቀች አልመረጠችም፤ አንዱ ድንጋይ የምንቸገረኝን ጎን አገኘው። ሌሎቹ ቁልቁል ሸሹ። እሱ ግን ሽቅብ ሸሸ።

በቄስ ገብረአብ ደጅ አልቆመም፤ በሩ ተቆልፏል። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣ። ሁልጊዜ የምትመጣው ወደዚህ ነው። ሲነጋ የቅጥሩ በር ተከፈተ፤ ጠባቂው ጋቢውን ተከናንቦ ያንጎላጃል። መግባት ይችል ነበር። አፍንጫውን እስከ በሩ ደፍ አስጠጋና ቆመ። የገባ ዕለት ምን እንደተከተለ አልረሳም። ይህን መስመር ማለፍ ገመድ ያመጣል። መስመሩን ተወላቸው፤ ልጅቱን ግን አይተውም። ከደፉ ወዲህ፣ መንገዱ መሃል ተኛ።

ረፋድ ላይ ማኅደረማርያም ከእናቷና ከአያቷ ጋር ስትመጣ የጭቃ ክምር መንገድ ዘግቶ አየች። ክምሩ ጅራቱን ወዘወዘ።

«እማዬ» አለች ብቻ። ነጠላዋ እስኪበላሽ ተጠመጠመችበት።

ቄስ ገብረአብ የተቀደደውን ጆሮ አዩ፤ የተበጠሰውን ገመድ አዩ።

«ጃፈር ይፈልገዋል። እሰሩት።»

«አባቴ፣ እግሩን አያዩትም?» አለች ይመኙሻል።

«አየሁት። የሰጠሁትን ብነሳ ግን በየትኛው አፌ አስተምራለሁ?»

«እርስዎ ሰጡት እንጂ» አለች ማኅደረማርያም ቀና ብላ፣ «እሱ መች ተሰጠ?»

ጃፈር ራሱ ሽቅብ ብቅ አለ፤ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ነበር። እጁ ላይ ግማሽ ገመድ ይዟል።

«አባ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ስጦታዎን ደራሽ በልቶት...» ብሎ ሳይጨርስ ውሻውን አየው። «ሱብሃነላህ። ያንን ወንዝ ተሻገርከው?»

«ይኸውልህ» አሉ ቄሱ። «የአንተ ነው፤ ውሰደው።»

ጃፈር ግማሹን ገመድ ከግማሹ ሊቀጥል ጎንበስ አለ። ምንቸገረኝ ተነስቶ፣ ተንገዳግዶ፣ መሬት በተዘረጋው ገመድ ላይ በሙሉ ክብደቱ ተኛ። ከዚያም ሁሉም እያዩት ጫፉን ወደ አፉ አስገብቶ ማላመጥ ጀመረ።

የጃፈር ትከሻ በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

«የኔ ነው አሉኝ አይደል አባ?»

«ያንተ ነው።»

«እንግዲያው እኔ ለልጅቱ ሰጠሁ። ሰጥቶ መንሳት ደግሞ በእኛም ዘር የለም።»

ቄስ ገብረአብ ፊታቸውን ወደ ቅጥሩ በር አዞሩ። ይመኙሻል ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ደወል ተደወለ። ማኅደረማርያም ጫማዋን ከበሩ ውጭ አወለቀች፤ ሁለቱንም አጣምራ ከምንቸገረኝ አገጭ ሥር አኖረች። ከዚያ በእርጥቡ ሣር ላይ ባዶ እግሯን ገባች። መሪጌታ ወልደተንሣኤ ከኋላ መጡ፤ ውሻውን አዩ፣ ጥርሱንም አስታወሱ። መንገዱን ለቀው፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ በጭቃው በኩል ዞረው ገቡ።