ሦስቱ ቀይ ፋይሎች

«ስካርፉን እንዲህ አድርጎ ከማጅራት ላይ የሚያስር ማን ነው?»

ይህን ጥያቄ አሰፋሽ ያን ጊዜ መመለስ አልቻለችም። የልጇን የቲጂን እጅ ጭምድድ አድርጋ ይዛ የራሷን ጫማ ታያለች። ከጫማዋ የሚቀልጠው በረዶ ወለሉን አርሶታል።

ጠያቂዋ ሔለን የምትባል የፖሊስ መርማሪ ናት፤ እዚሁ ፈረንጅ አገር፣ ኢቶቢኮ በሚባል ሰፈር ያደገች፣ አማርኛዋ የሚደነቃቀፍ፣ ዓይኗ ግን የማይደነቃቀፍ። ጊዜው የ2013 ፌብሩዋሪ፣ ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ከደረጃው ሥር በጎናቸው ወድቀው የተገኙት አቶ በርናባስ ናቸው፤ ሪጀንት ፓርክ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ተራው ደርሶ እስኪፈርስ በሚጠብቅ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ለጎልማሶች ማንበብና መጻፍ የሚያስተምረው ትምህርት ቤት መዝጋቢ። ካፖርታቸውን እንደ ለበሱ፣ ስካርፋቸው እንደ ታሰረ፣ ሸራ ጫማቸው እግራቸው ላይ እንዳለ ነው።

«ያገኘሻቸው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ላይ መብራቱን ሳበራው አየኋቸው።»

«ጠፍቶ ነበር?»

«ድርግም ብሎ።»

ሔለን ደረጃውን ወጥታ ወረደች። ማብሪያው ላይኛው በር አጠገብ ነው፤ ሌላ የለም።

መምህርቷ ጸሐይወርቅ ከክፍሉ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። «ልጅቷን ከዚህ አውጧት እንጂ! ምን ታያለች?» አለችና ከቲጂ ጀርባ ቆማ ስካርፏን ጠበቅ አደረገችላት። ከዚያ አሰፋሽን አቀፈቻት። አሰፋሽ ሰውነቷ እንጨት ሆነ።

ሔለን ጥበቃውንም ጽዳቱንም የሚሠሩትን ይመርን ጠራች። «ትናንት ምን አየህ?»

«ልጄ፣ እኔ ያባትሽ እኩያ ነኝ። አንተ ነው የምትይኝ?»

«ሶሪ፣ ሶሪ። ምን አዩ?»

«አሁን ሰው ሆንሽ። ከቀትር በኋላ፣ ልክ በፈረንጅ አራት ሰዓት ላይ ልዘጋ መጣሁ። ታች ጨለማ ነው። ‹ሰው አለ?› ብዬ ተጣራሁ። የሚመልስ የለም። ቆልፌ ሄድኩ።» ወደ ደረጃው ዞሩ። «ብወርድ ኖሮ…»

የአቶ በርናባስ ቢሮ ከክፍሉ ጎን ነው። የበረዶ ቦቲያቸው ጠረጴዛው ሥር፣ ጋዜጣ ላይ ደርቆ ቆሟል። መደርደሪያው ላይ ወደ ዘጠና የሚጠጉ ፋይሎች አሉ፤ ሰማያዊና ቢጫ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ አቶ ፀጋዬ መደርደሪያውን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ቀዮቹ የት ገቡ?»

«ምንድን ናቸው ቀዮቹ?» አለች ሔለን።

ፀጋዬ ነገሩን አስረዳ። ትምህርቱ በነፃ የሚሰጠው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሚመድበው በጀት ነው። ከጃንዋሪ ወዲህ የጸናው አዲሱ ውል ተማሪዎችን በምድብ ከፍሏቸዋል። ቋሚ መኖሪያ ያላቸው ብቁ ናቸው፤ ሰማያዊ። ጥገኝነታቸው የጸደቀላቸውም ብቁ ናቸው፤ ቢጫ። ጉዳያቸው ገና ያልታየላቸው ግን ብቁ አይደሉም። ቀይ።

«ሦስት ቀይ ነበሩን። ሐሙስ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ከዚያ በፊት እንዲያሰናብታቸው ለበርናባስ በስብሰባ ነግሬዋለሁ። ጸሐይወርቅም ስብሰባው ላይ ነበረች።»

ሦስቱ ፋይሎች ከሰማያዊዎቹ መሐል ተገኙ። አንድ ሰው አዲስ ሰማያዊ ሽፋን አልብሶ ቁጥራቸውን ጽፎባቸዋል። የአሰፋሽ፣ የሀፍሳና የፊርደውስ ናቸው።

«ሬሳውን ያገኘችው ከሦስቱ አንዷ ናት» አለ ፀጋዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ለአሰፋሽ ግን ጥርት ብሎ ተሰማት።

«አሰፋሽ? እሷ'ኮ ጉንዳን የማትረግጥ ናት!» አለች ጸሐይወርቅ።

ሔለን አሰፋሽን መደርደሪያው ፊት አቆመቻት። «የአንቺ የትኛው ነው?»

አሰፋሽ የፋይሎቹን ጀርባ አየች። ስም የለባቸውም፤ ረጃጅም ቁጥሮች ብቻ። የራሷን ቁጥር አታውቀውም። «እንጃ» አለች።

ሔለን ሌሎቹን በየተራ ጠየቀች። ፀጋዬ በፈረንጅ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ኤግሊንተን ዌስት፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ነበር፤ «ወረፋ ስጠብቅ አንድ ሰዓት፣ ስመለስ ደግሞ መንገዱ ተቆፍሮ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰዓት» አለ። ጸሐይወርቅ ተማሪዎቹን ተከትዬ ወጣሁ አለች። ሀፍሳና ፊርደውስ ትምህርቱ እንዳለቀ ከአሰፋሽና ከቲጂ ጋር በዳንዳስ ትራም አብረው ሄደዋል።

ያን ሌሊት አሰፋሽ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ተነሥታ ቲጂን አለበሰቻት፣ ተመልሳ ገለጠቻት፣ በር አረጋገጠች፣ ደግማ አረጋገጠች። አምና የመጣላትን የቀጠሮ ደብዳቤ ማንበብ አቅቷት ቀኑ አልፎባት ነበር፤ በስንት ልመና ነው ሌላ ቀን ያገኘችው። የጥገኝነት ችሎቷ ሜይ ላይ ነው። እስከዚያ የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ ራሷ ለማንበብ ምላለች። ከዚህ ትምህርት ቤት ከወጣች፣ ሌላ ቦታ ስትማር ቲጂን የሚይዝላት የለም፤ ፊደሉም እዚያው ላይ ይቀራል። እጇን ይዛ የቲጂን ስም ያስጻፈቻት ደግሞ ጸሐይወርቅ ናት።

ረቡዕ ጠዋት ሔለን ሁሉንም መማሪያ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«አቶ በርናባስ ወደ ቤት ሲወጡ የወደቁ ይመስላል» አለች። «ካፖርት፣ ስካርፍ። ግን በዚህ በረዶ በሸራ ጫማ ማን ይወጣል? ቦቲያቸው ጠረጴዛ ሥር ነው። ስለዚህ ሊወጡ አልነበረም። ካፖርቱን ያለበሳቸው ሌላ ሰው ነው።»

ይመር አማተቡ።

«መብራቱስ? ማብሪያው ላይ ነው፤ እሳቸው ታች ናቸው። ያጠፋው ከእሳቸው በኋላ በደረጃው የወጣ ሰው ነው። ይህ ሰው ቀዮቹን ፋይሎች ሰማያዊ አልብሷቸዋል። ሽፋኑ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም፤ ቀዩ ሽፋን ከወለቀ በኋላ ደግሞ አዲሱ ላይ ትክክለኛውን ቁጥር ጽፎ እያንዳንዱን በቦታው መልሷል። ቁጥሮቹን ማን ያውቃል?»

«እኔ» አለ ፀጋዬ ወዲያው፣ «ግን የጥርስ ሐኪሙን ጠይቂ!»

«ኮል አደረግኩለት። እውነትህን ነው። ሌላስ?»

ፀጋዬ መምህርቷን አየት አደረጋት። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ጸሐይወርቅ… በየቀኑ የመገኘት ምልክቱን በቁጥር የምትሞላው እሷ ናት» አለ።

«ቁጥር ስላወቅኩ ነፍሰ ገዳይ ልባል ነው?» አለች ጸሐይወርቅ።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አለች ሔለን። «ትልቅ ሰው ስካርፉን ሲያስር ቋጠሮውን ከፊት ያደርገዋል። ይሄ ከኋላ ነው የተቋጠረው። ትናንት አንድ ጥያቄ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። አሁን እደግመዋለሁ፤ እንዲህ የሚያስር ማን ነው?»

አሰፋሽ ጸሐይወርቅን አየቻት። አሁን ከተናገረች መምህሯ ትሄዳለች፤ ቀይ ፋይሏን ሸፍኖ የሚያቆይላት ሰው አይኖርም። ዝም ካለች ደግሞ፣ ልጇን በስሟ ጠርተው ከረሜላ የሚሰጧት የነበሩ ሽማግሌ ደማቸው ደመ ከልብ ሆኖ ይቀራል።

ተነሣች።

«ቲቸር ናት» አለች። «የልጆቻችንን ስካርፍ እንዳይፈታባቸው ከኋላቸው ቆማ እንዲህ ነው የምታስረው። በየቀኑ። ይቅር በይኝ፣ ቲቸር። ሳያቸው ነው ያወቅኩት።»

ሔለን ራሷን ነቀነቀች። «እኔም ትናንት ከቲጂ ጀርባ ቆማ ስታስር አይቻታለሁ።»

«ለእነሱ ብዬ ነው!» ጸሐይወርቅ ሁለት እጇን ዘረጋች። «ሦስቱን ፋይሎች አቅፎ ወደ ላይ ሲወጣ አገኘሁት። ላይኛው ቢሮ፣ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ሊያኖራቸው እንደሆነ ገባኝ። ‹ተው፣ እናቶች ናቸው› አልኩት። ‹ቆዪ፣ ላስረዳሽ› አለኝ። ምን የሚያስረዳኝ አለ? ጎተትኩ፣ ጎተተ፣ ለቀቅኩት… ወድቆ አልተነሣም። አምቡላንስ መጥራት ነበረብኝ። ፈራሁ። ወደ ቤት ሲወጣ የወደቀ እንዲመስል ካፖርቱን አልብሼው፣ መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ።»

ሔለን አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «ይሄ ከኮታቸው ኪስ ነው የተገኘው። የውሉ የመጨረሻ ገጽ፣ ትርጓሜ የሚለው ክፍል ፎቶኮፒ። በእርሳስ አስምረውበታል።» እየተረጎመች ቀስ ብላ አነበበችው፤ «‹ይህ ውል ከመጽናቱ በፊት የተመዘገበ ተማሪ፣ ምድቡ ምንም ቢሆን፣ የጀመረውን ደረጃ እስኪጨርስ ብቁ ተማሪ ተብሎ ይቆጠራል።› ሦስቱ የተመዘገቡት መቼ ነው?»

«ኖቬምበር» አለ ፀጋዬ።

«ሰኞ በፈረንጅ ሦስት ሰዓት ላይ አቶ በርናባስ መሥሪያ ቤቱ ጋ ኮል አድርገው አረጋግጠዋል። የመለሰችላቸውን ሴት አነጋግሬያታለሁ። ፋይሎቹን ይዘው የወጡት ለሐሙሱ ተቆጣጣሪ ከዚህ ገጽ ጋር አያይዘው ሊያስቀምጡላቸው ነው። ሊያስወጧቸው አልነበረም።»

ጸሐይወርቅ ወረቀቱን አየችው። ለማንበብ አልሞከረችም። የልጆች ወንበር ላይ ቁጭ አለች፤ ወንበሩ ሲጢጥ አለ። «‹ቆዪ› ብሎኝ ነበር» አለች። «‹ቆዪ› ነበር ያለኝ።»

ሔለን ልትወስዳት ስትነሣ ይመር ካፖርቷን አመጡላት። ስካርፏን ልታስር ብትሞክር አልሆነላትም። አሰፋሽ ሄዳ አሰረችላት፤ ከፊት።

ሐሙስ ተቆጣጣሪው መጣ፣ ሦስቱን ቀይ ፋይሎች ከትርጓሜው ገጽ ጋር አገላብጦ አየ፣ ፈረመ። ሰኞ ሌላ መምህር መጣች።

አሰፋሽ፣ ሀፍሳና ፊርደውስ ቀሩ። ጸሐይወርቅ ሄደች።