ያልተቀጠፈው ቆስጣ

ዘሩ የመጣበት ወረቀት ላይ የግዕዝ ጽሕፈት ባይኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር።

ትሕትና የምትሠራበት ሆቴል እንግዳ ጠፍቶ ሲዘጋ፣ እዚያው ላሊበላ እናቷ ቤት ተመልሳ ገባች። በዕድሜዋ አካፋ ጨብጣ አታውቅም። ከጥምቀት በኋላ በአንዱ ሐሙስ፣ የግብርና ባለሙያው ሰይፈ ሥላሴ ለጓሮ የሚሆን ዘር በየቤቱ ሲያድል እሷም ጋ ደረሰ። የቆስጣ፣ የሰላጣና የካሮት ዘር በሦስት ትንንሽ ጥቅል ሰጣት።

«እነዚህ ጀማሪ አያስቸግሩም» አላት። «ጠዋትና ማታ ውኃ፣ በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ በቃ። ቆስጣው ሲደርስ የዳር የዳሩን ቅጠል ትቀጥፊለሽ፤ መሀሉ እንደገና ያወጣል። ካልቀጠፍሽው ግን ያረጃል።»

ይህን ሁሉ ሲናገር ዓይን ዓይኗን ነበር የሚያየው። እሷ ደግሞ መሬት መሬቱን።

እናቷ ወይዘሮ ሸጌ ያዩት ወረቀቱን ነው። በጥቁርና በቀይ ቀለም ጥቅጥቅ ተደርጎ ተጽፎበታል። የሰይፈ ሥላሴ አባት መሪጌታ ወልደ ኪዳን ቅኔ ያስተምራሉ፤ ቅጠል በጥሰው፣ ሥር ምሰው ያውቃሉ እየተባለም ይታማሉ።

«ይሄ መስተፋቅር ነው» አሉ ወይዘሮ ሸጌ፣ ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው።

«እማ ደግሞ! ለሰፈሩ ሁሉ ሰጥቶ የለ?»

«የሰፈሩ በላስቲክ ነው። ዞሬ አይቻለሁ።»

ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ? ዘሩን እንዳይጥሉት ባለሙያው በየሐሙሱ እየመጣ ያያል፤ ይሉኝታ ያዛቸው። እንዳይበሉት ፈሩ። በመጨረሻ ወይዘሮ ሸጌ ቁርጡን ተናገሩ። «ይዘራ፤ ግን አይቀመስም። ይሄ ነገር በአፍ ካልገባ አይይዝም።»

ሐሙስ በመጣ ቁጥር ትሕትና እጁን ትጠብቃለች፤ ኪሱን፣ ከንፈሩን። አንድ ቀን የካሮቱን ቡቃያ እያሳሳ ሲነቅል ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየች።

«ምንድን ነው የምትደግመው?»

«ምን እደግማለሁ? ስንቱ እንደቀረ እየቆጠርኩ ነው እንጂ!» ብሎ ሳቀ። «ይልቅ ነይ፣ እዚህ ጋ አንቺ ሞክሪው። አትዘኝለት፤ ካልሳሳ አንዱም አይወፍርም።»

ጎን ለጎን ተንበርክከው ነቀሉ። ክንዱ ክንዷን ነካው፤ ማንኛቸውም ፈቀቅ አላሉም።

ወይዘሮ ሸጌ ከቆስጣው አንድ ቅጠል ቀጥፈው ለዶሮዋ ጣሉላት፣ ለመፈተን። በሚቀጥለው ሐሙስ ዶሮዋ ሰይፈ ሥላሴን እስከ በር ተከተለችው። «አየሽልኝ?» አሉ እያማተቡ። የልጁን ኪስ ቆሎ እንደማይለየው ማን ያስታውስ?

ትሕትና ግን ከዶሮዋ ይልቅ የራሷ ነገር አሳሰባት። ረቡዕ በመጣ ቁጥር ፀጉሯን መታጠብ ጀምራለች። ይህ ልብ የራሷ ነው ወይስ ሰው የላከባት? የሰው መጫወቻ ሆና ከምትቀር አንድ ቁርጥ ነገር ብታውቅ ትወድ ነበር።

ዐቢይ ጾም እኩሌታው ላይ ሲደርስ ሰይፈ ሥላሴ መደቡ ላይ ቆሞ ደነገጠ። ሰላጣው ግንድ አውጥቶ ቆሟል፤ የቆስጣው የዳር ቅጠል ቢጫ ሆኗል።

«ትሕትና፣ አንድም አልቀጠፍሽም?»

ቢጫውን ቅጠል በእግሯ ገፋ አደረገች።

«ለጾሙ ይደርስልሻል ብዬ ነበር እኮ።»

«በወረቀቱ ላይ ምን ነበር የተጻፈው?» አለች በድንገት። «የሌላው ሁሉ በላስቲክ፣ የኔ ብቻ ለምን በጽሕፈት ተጠቀለለ?»

ነገሩ ቀስ ብሎ ገባው። ፊቱ ሲለዋወጥ ቆማ አየች።

«የአባቴ ተማሪዎች የጣሉት ወረቀት ነው» አለ። «የቢሮው ዘር እናንተ በር ሳይደርስ አለቀ። ባዶ እጄን ልመጣብሽ አልፈለግኩም፤ ለራሴ ጓሮ ካስቀመጥኩት አካፈልኩሽ። ጥፋቴ ይሄ ነው።» ወደ በሩ ዞረ። «ከእንግዲህ ሌላ ሰው ይመጣል። ያኔ ሳትፈሩ ትበላላችሁ።»

በሚቀጥለው ሐሙስ ማኅሌት የምትባል ባለሙያ መጣች፤ ዘሯ በላስቲክ፣ ጠባይዋ የታረመ። ትሕትና የማኅሌትን ምክር አንዱንም አልሰማችም። በሩን እያየች ዋለች።

ማታ እንጀራው ፊቷ ቀርቦ እጇን ሳትሰድ ስትቀር ወይዘሮ ሸጌ ደረታቸውን ደቁ።

«ያዘሽ! ቀምሰሽዋል!»

«አልቀመስኩም።»

«ተደብቀሽ ቀምሰሻል እንጂ!»

«በጊዮርጊስ ስም፣ አንዲት ቅጠል በአፌ አልገባችም!» እንባዋ መጣ። «በአፍ ካልገባ አይይዝም ያልሽው አንቺ ነሽ። ታዲያ ይሄ ምንድን ነው፣ እማ?»

ወይዘሮ ሸጌ ነጠላቸውን አጣፉ፤ መልሰው ፈቱት። የሚሸሹበት ሲያጡ ልጃቸውን አዩ።

«እንግዲያው የራስሽ ነዋ» አሉ ቀስ ብለው።

በማግስቱ ትሕትና ቢጫውን ትታ ከቆስጣው ለጋ ለጋውን ቀጥፋ በዘንቢል ያዘችና ከአሸተን ማርያም ተራራ ግርጌ ወዳለው ችግኝ ጣቢያ ወረደች። ሰይፈ ሥላሴ ውኃ እያጠጣ ነበር። ሲያያት ቀና አለ እንጂ አልተጠጋትም።

«አሁን ደግሞ በምን ልትፈትኚኝ መጣሽ?»

«እስከዛሬ አንዲት ቅጠል አልቀመስኩም» አለችው ዘንቢሉን እያሳየችው። «ይህን ልነግርህ ነው የመጣሁት።»

«አውቃለሁ። አይቻለሁ።»

«አላወቅክም። ሳልቀምስ ነው የመጣሁት።»

ውኃው መደቡን ሞልቶ መፍሰስ ጀመረ፤ ልጁ ልብ አላለውም። ከዚያ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«እናትሽስ?» አለ።

«ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ና ብላሃለች። ቆስጣውን ራሷ ትሠራዋለች። ግን ቀድመህ የምትቀምሰው አንተ ነህ።»

«እኔ ከቀመስኩ እኮ መስተፋቅሩ የሚይዘው እኔን ነው።»

ትሕትና ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኑን አየችው።

«ይያዝህ!» አለችው።