ያልታረሰው ጉብታ

አስጎብኚው ነቢዩ አናንያ፣ በጎች በሚሸለቱበት አሮጌ መጋዘን ውስጥ በጀርባው ተዘርሮ ተገኘ። የራስ ቅሉ ግራ ጎን ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ለዘመናት የሱፍ ቅባት የጠጣው ጣውላ ደሙን አላሰርግ ብሎ እላዩ ላይ አርግቶታል። አጠገቡ የወደቀው መዶሻ የአጥር እንጨት መትከያ ነው፤ ራሱ የሕፃን ጭንቅላት ያክላል፤ ጠርዙ ላይ ጠጕርና የአጥንት ስባሪ ተጣብቋል። የሟቹ ዓይኖች ተከድነዋል። የሁለት እጆቹ አውራ ጣቶች በነጭ ክር ታስረው ደረቱ ላይ አርፈዋል።

«አስረው ነው የገደሉት» አለ ኮሊንስ፣ የግድያ ምርመራው አለቃ። «ቡድን ነው። ከመሞቱ በፊት ለልጁ ደውሎ ‹እነሱ መቱኝ፣ እነሱ መጡ› ብሏታል። እርሻው ላይ የነበሩትን ሁለት ሠራተኞች፣ ባልና ሚስቱን ይዘናቸዋል።»

መርማሪዋ አዜብ ተስፋሚካኤል ተንበርክካ ክሩን በጓንቷ ጫፍ ገለጥ አደረገች። ከሥሩ ያለው ቆዳ አልቀላም፣ አላበጠም፣ አልተላጠም።

«ሰው በሕይወት እያለ ብታስረው ምን ያደርጋል?»

«ይታገላል።»

«ይሄ አልታገለም። የታሰረው ከሞተ በኋላ ነው። የሞተን ሰው ለምን ታስራለህ? እንዳያመልጥህ?»

«ጭካኔ ነዋ!» ኮሊንስ ትከሻውን ሰበቀ።

አዜብ ስትናደድ ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ የሚያውቋት ይህንን ይፈራሉ። ከሱዳን መጠለያ ጣቢያ መጥታ ሜልቦርን፣ ካርልተን ባሉት የመንግሥት ፎቆች ውስጥ ያደገች ናት፤ ስድብን በሁለት ቋንቋ ተምራለች፣ ዝምታን ግን በየትኛውም አልተማረችም።

«ጥቁር ሲሞት ቡድን፣ ጥቁር ሲያዝ ቡድን። ብቻችንን ምንም ሠርተን አናውቅም? በደሙ ጠርዝ ላይ የታተመው የአንድ ሰው ጫማ ነው፤ አንድ ጥንድ። ሌሎቹ በረው ነው የገቡት?»

የቶልማን እርሻ ከሜልቦርን በስተምዕራብ፣ ነፋስ የማይለየው ሜዳ ላይ ነው። ጆሴፍ ቶልማን የሚባል እንግሊዛዊ ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት ሚስቱንና ልጆቹን በመርከብ ይዞ መጣ፤ ድንጋይ ለቀመ፣ አጥር አጠረ፣ በግ አረባ። ዛሬ ከዘሩ የቀረችው ሃሪየት ቦታውን ለጎብኚ ከፍታዋለች። በሩ ላይ «ባዶ ምድር ያቀኑ ቤተሰቦች» የሚል ተጽፏል። ባዶ! ምድሪቱ ለእልፍ ዓመታት ባለቤት ነበራት፤ ባለቤቶቹ የት ገቡ ብሎ የሚጠይቅ ጎብኚ ግን የለም። አስጎብኚው ነቢዩ ብቻ ይጠይቅ ነበር፣ ያውም ጮክ ብሎ።

አቅኚዎቹን ሆነው የሚተውኑት ደግሞ የተያዙት መርጋና ዓያንቱ ነበሩ። እሱ ባርኔጣ ደፍቶ በግ ይሸልታል፤ እሷ ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ ነጭ ቆብ አጥልቃ ቅቤ ትንጣለች። «ቅዳሜና እሁድ እንግሊዝ ነን» እያለ መርጋ ይቀልድ ነበር። ፖሊስ ቅዳሜ ዕለት በዚያው ልብሳቸው አሰራቸው። የሰባት ዓመት ልጃቸውን ኢቢሴን የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኞች ከጎረቤት ወስደው ለማታውቃቸው ሰዎች ሰጧት። ክሱ ከጸና ልጅቷ ወላጆቿን አታገኝም፤ አዜብን ያንገበገባትም ይኸው ነበር።

ሃሪየት በጥቁር ድንጋይ በተሠራው ቤቷ ሻይ አቅርባ ጠበቀቻት።

«መዶሻውን መቼ ትመልሱልኛላችሁ? ጆሴፍ የመጀመሪያውን አጥር የተከለበት ነው። የቤተሰብ ቅርስ ነው።»

«ደሙ ሲታጠብ» አለች አዜብ። «ነቢዩ ያስቸግርሽ ነበር?»

«ሰው ልጆቹን ይዞ በግ ሊያይ መጥቶ ስለ ግድያ ይሰማል? ግን አላባረርኩትም። እኛ ደግ ሰዎች ነን። ያንን ጉብታ እንኳ ለእናንተ ለኢትዮጵያውያን ለቤተ ክርስቲያን መሥሪያ በነፃ ሰጠኋችሁ።»

አዜብ በመስኮት አየች። ከኩሬው በላይ ለምለም ሣር የለበሰ ጉብታ አለ፤ ዙሪያው ሁሉ ታርሶ እሱ ብቻ ቀርቷል።

«አፈሩ ጥሩ ይመስላል።»

«ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ጆሴፍ ግን ማረሻ አላስገባበትም። ልጆቹንም እንዳያርሱት አስምሏቸዋል።»

«ለምን?»

«የቤተሰብ ወግ ነው» አለችና ሃሪየት ሻይዋ ውስጥ ስኳር ጨመረች፤ ቀድሞ የጨመረችውን ረስታ።

ድንጋይ በጥፍሩ እየነቀለ ያረሰ ገበሬ ለም መሬቱን በወግ አይተውም። አዜብ በቀጥታ ወደ ጉብታው ወጣች። ለመሠረት የተቆፈረ ቦይ አለ፤ አንዱ ጫፍ በጥድፊያ ተመልሶ ተደፍኗል። አፈሩን በእጇ ጠረገች። መጀመሪያ የወጣው የልጅ መንጋጋ ነው። ቀጥሎ ግንባሩ ላይ ክብ ቀዳዳ ያለው የአዋቂ ራስ ቅል ታየ፤ ከሥሩም ሌላ። መቆፈሯን አቆመች። የምድሪቱ ነባር ባለቤቶች ሽማግሌዎች እንዲጠሩ ስልክ ደወለች፤ እስኪመጡ ማንም እንዳይነካው ፖሊስ አቆመች።

ነቢዩን እንደ ልጃቸው የሚያዩት እትዬ በቀለች በኢትዮጵያውያኑ ማኅበር አዳራሽ ጓዳ ሽንኩርት እየከተፉ ያለቅሱ ነበር።

«እትዬ፣ ነቢዩ ቅዳሜ ጠዋት ምን ሆኖ ነበር?»

«እጁ ጭቃ፣ ፊቱ አመድ ሆኖ መጣ። ብላ ብለው እምቢ አለ። ‹እትዬ፣ አንቺ ጸልዪላቸው፤ እዚያ ቦታ ቤተ ክርስቲያን አይሠራም› አለኝ። ለነማን ልጸልይ ብለው፣ ‹ቶልማኗም ጋሼም ይስሙት› ብሎ ወጣ። ያው መውጣቱ ነው።»

«‹አንቺ› ነበር የሚልዎት?»

«ምን ይበለኝ ታዲያ? በበረሃ አዝዬ ያሻገርኩት እኔ! አንዴ ሰው ፊት ‹አንቱ› ቢለኝ ሳምንት አኮረፍኩት።»

ጋሼ አምደሚካኤል የማኅበሩ ሊቀ መንበር ናቸው። ዕድሜያቸውን በቄራ ሥራ ስላሳለፉ ትከሻቸው እስካሁን ሰፊ ነው። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው። ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዙረውታል፤ አንዱን ጫፍ ግን ብብታቸው ሥር ወሽቀውታል።

«ቅዳሜ የት ነበሩ ጋሼ?»

«ቤቴ፣ ኬንሲንግተን። ምነው ልጄ፣ ሰዎቹ ተይዘው የለ እንዴ? መርጋ ቁጡ ነው። ጎብኚ አባረርክብኝ ብሎ ሲጮህበት ሰምቻለሁ።»

«በመጪው እሁድ የመሠረት ድንጋይ ሊጥሉ ነበር አሉ።»

«እንጥላለን እንጂ!» አሉ ሽማግሌው ቆጣ ብለው። «በኪራይ አዳራሽ ቀድሰን፣ ዕቃችንን በመኪና ጭነን ስንዞር አርጅተናል። እኔ ሳልሞት ይሠራል።»

ከዚያ አዜብ የሟቹን ልጅ ኤደንን ካርልተን፣ ከዩኒቨርሲቲዋ ደጅ አገኘቻት። ልጅቷ እዚሁ የተወለደች ናት፤ ለአማርኛ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች።

«ለፖሊስ የነገርሽውን አይደለም የምፈልገው፤ የሰማሽውን። አባትሽ በምን ቋንቋ ነው ያናገረሽ?»

«ኦፍ ኮርስ በአማርኛ።»

«እንግዲያው ቃሉን ንገሪኝ፣ እንዳለ።»

ኤደን ዓይኗን ጨፈነች። «‹ኤዱዬ፣ መቱኝ። መጡ። በሩን ከፈቱት።› ከዚያ… ከዚያ ድምፁን ብቻ ነው የሰማሁት። መዶሻውን።»

«‹እነሱ› አላለም?»

«‹መቱኝ› ነዋ ያለው። ‹እነሱ› ማለት አይደል?»

አዜብ ቃሉን እንዳለ በማስታወሻዋ ላይ በአማርኛ ጻፈችው። ኋላ፣ «ነገ እርሻው ላይ እፈልግሻለሁ» አለቻት።

በማግስቱ ሁሉም መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። መርጋና ዓያንቱ እጃቸው እንደታሰረ ገቡ፤ የእሱ ባርኔጣ ተጨራምቷል፣ የእሷ ነጭ ቆብ ቆሽሿል።

«እንግሊዙ ታሰረ» አለ መርጋ፣ ፈገግታ ሞክሮ።

«ዝም በል! ልጄን አምጡ» አለች ዓያንቱ። ሌላ ቃል አልነበራትም።

አዜብ የደረቀው ደም አጠገብ ቆመች።

«ከጣቶቹ እንጀምር። ኮሊንስ ይህን ክር አይቶ ጭካኔ ነው አለ። እትዬ በቀለች፣ ሰው ሲሞት ምን እናደርጋለን?»

«ዓይኑን እንከድናለን፣ እጁን እንሰበስባለን፣ አውራ ጣቶቹን እናስራለን» አሉ ሴትዮዋ። ወዲያው ደነገጡ። «የገደለው ሰው ገነዘው?»

«ገነዘው። እያፈረም ቢሆን ገነዘው። ሃሪየት ይህን አታውቅም። መርጋና ዓያንቱ ደግሞ ጴንጤዎች ናቸው፤ በነሱ ቤት የሞተ ሰው ጣት አይታሰርም። ክሩም እዚህ የሚሸጥ ሲባጎ አይደለም፤ ከነጠላ ዘርፍ የተመዘዘ ጥጥ ነው።»

«ሴትዮዋም ነጠላ ለብሰዋል» አለ ኮሊንስ።

«ለዚህ ነው ኤደንን የጠራኋት። ኤዱ፣ አባትሽ ስለ ሃሪየት ሲያወራ እንዴት ይል ነበር?»

«‹ቶልማኗ መጣች፣ ቶልማኗ ጮኸች።›»

«መርጋንስ?»

«‹መርጋ መጣ።›»

«እትዬ በቀለችን?»

«‹እትዬ መጣች።› እንደ እናቱ።»

«ጋሼ አምደሚካኤልን?»

«‹ጋሼ መጡ፣ ጋሼ ገ…›» ኤደን ያለችውን ራሷ ሰማችው። ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አማርኛ ለብዙ ሰውና ለአንድ ትልቅ ሰው አንድ ግሥ ነው ያለው» አለች አዜብ ወደ ኮሊንስ ዞራ። «ነቢዩ ‹እነሱ› አላለም። እሱን የጨመራችሁት እናንተ ናችሁ፣ በእንግሊዝኛ። ሰውየው ያለው አንድ የሚያከብረው ሽማግሌ መታኝ ነው።»

«ስም አይጠራም ነበር?»

«ጭንቅላቱ ተሰንጥቆ፣ በር ሲከፈትበት? ስም ለመጥራት ጊዜ አላገኘም። ሊገድሉት የመጡትን ሰው ግን ‹አንተ› ማለት አንደበቱ አልቻለም። ጋሼ፣ እባክዎ ያንን የነጠላ ጫፍ ያውጡት።»

ሽማግሌው አልተንቀሳቀሱም። እትዬ በቀለች ናቸው ሄደው ነጠላውን ከብብታቸው ሥር የመነጨቁት። ከዘርፉ መሃል ሁለት ጣት የሚያህል ክር ተመዝዟል። እትዬ በቀለች ነጠላውን ፊታቸው ላይ ወረወሩባቸው፤ ከዚያ በጡጫ ደረታቸውን ደበደቧቸው፣ ፖሊስ እስኪይዛቸው ድረስ።

«እዚያው ጉብታው ላይ ለመንኩት!» ጋሼ አምደሚካኤል ጮኹ። «ተንበርክኬ ለመንኩት! መልሰን እንቅበራቸው፣ ፍትሐት እናድርግላቸው፣ ማንም አይወቅ አልኩት። ‹ሰኞ ለመንግሥት እናገራለሁ› አለኝ። በአካፋ መታሁት፣ ሮጠ። ከወረደ ሊናገር ነው። ቤተ ክርስቲያኔን… ተከትዬው ገባሁ። መዶሻው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር።»

«ቤተ ክርስቲያን ሊሠሩ!» አዜብ ድምፅዋ ሹክሹክታ ሆኗል። «እዚያ ሥር የተረሸኑ ሰዎች አሉ ጋሼ፣ ልጅ ጭምር። ጆሴፍ ቶልማን ገድሎ ሣር አለበሳቸው። እርስዎ ከአገር ተሰደው መጥተው፣ መሬቱ የተነጠቀ ሰው ምን እንደሚሆን እያወቁ፣ በላያቸው ላይ መሠረት ሊያፈሱ ነበር። አፈር ሳይሆኑ ሰዎች እንደነበሩ የሚናገርላቸው አንድ ምስክር አግኝተው ነበር፤ እሱን ደግሞ በራሱ በጆሴፍ መዶሻ ገደሉት።»

«በዚያ ዘመን ሁሉም…» ሃሪየት ጀመረች።

«አንቺ ለምን እንዳልታረሰ ታውቂ ነበር። የማትፈልጊውን መሬት ነው የሰጠሽን። ደግነት እያልሽ ሁለተኛ አትጥሪው!»

ኮሊንስ የባልና ሚስቱን ካቴና ፈታ። ጋሼ አምደሚካኤል እጃቸውን ሰጡ። ማንም አላለቀሰላቸውም።

አዜብ መርጋንና ዓያንቱን በራሷ መኪና ኢቢሴ ወዳለችበት ቤት ወሰደቻቸው። ልጅቷ ከማታውቃት ሴትዮ እጅ አምልጣ እየሮጠች መጣች። አባቷን አቀፈችና የእጁን አንጓ አየች፤ ብረቱ ልጦታል።

«ዳዲ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ሥራ ላይ ነው፣ የኔ ቆንጆ። አጥር ጫረኝ።»

«አትዋሻት!» አለች ዓያንቱ። «ኢቢሴ፣ ያልሠራነውን ሠራችሁ ብለው አሰሩን። አንቺንም ወሰዱሽ። አሁን አልሠሩም ብለው ለቀቁን።»

ልጅቷ አሰበች። ከዚያ በእናቷ ትከሻ አሻግራ መኪናው ውስጥ ያለችውን ፖሊስ ተመለከተች።

«ይቅርታ አሉ?»

አዜብ መኪናውን አጥፍታ ወረደች።

«እስካሁን አላልንም» አለችና ወደ እነሱ ተራመደች።