የተሳበው ሜትር

«ዞር በል!»

ከመጋረጃው ኋላ የምትጮኸው ልብስ ተኳሿ ናት። ልብስ ሰፊው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንደተቀጣ ተማሪ ቆሟል።

«ዞሬያለሁ እኮ! መጋረጃው አይበቃም?»

«መጋረጃው ቀዳዳ አለው። አንተ ደግሞ ዓይን አለህ።»

ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲህ ነበር። ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ ሁለቱ ልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ ይቀራሉ። እሱ ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ በመጋረጃው ሥር ያቀብላታል፤ እሷ ሆዷን ትለካለች።

ያቀራረባቸው የተቃጠለ ኮሌታ ነው። ሥራ በጀመረች በሳምንቷ የደንበኛ ሸሚዝ አሳረረች። ሰፊው ትንፍሽ ሳይል ኮሌታውን ፈትቶ፣ ገልብጦ ሰፋላት። ቀና ብላ አየችው። ያ አስተያየት እንደያዘው ቀረ። ልጅ እንዳላት፣ የልጅቷም አባት በወለደች በዓመቱ ጥሏት እንደሄደ ሲሰማም ልቡ አልተመለሰም። «ላግባሽ» ሲላት አለቀሰች እንጂ እምቢ አላለችም።

«ግን ሆዴ ይመለስ» አለችው። «ከወለድኩ ወዲህ ቆዳው እንደ ባዶ ከረጢት ተንጠልጥሏል። የልጄ አባት አይቶት ፊቱን ሲያዞር አይቻለሁ። አንተን እንደዚያ ሆነህ ማየት አልችልም።»

«እኔ አላዞርም።»

«እሱም እንደዚሁ ይል ነበር።»

ድሮ የሆዷ ልክ ሰማንያ ስምንት ሴንቲ ነበር፤ አሁን ዘጠና ሁለት ነው። ሰማንያ ስምንት ስትገባ የሠርጉ ቀን ይቆረጣል ተባለ። ያልሞከረችው የለም። ቅባት ተቀባች፤ በጨርቅ ጥብቅ አድርጋ ታጠቀች፤ ወለል ላይ ተኝታ ስፖርት ስትሠራ ልጅቷ ሆዷ ላይ ወጥታ ፈረስ አደረገቻት። ነርሷ «ስፖርቱ ጡንቻሽን ያጠነክርልሻል፤ የተለጠጠ ቆዳ ግን ሙሉ ለሙሉ ላይመለስ ይችላል። አንቺ ጤነኛ ነሽ» ብትላት፣ የመጨረሻውን ቃል አልሰማችውም።

ወራት አለፉ። ዘጠና ሁለት፣ ዘጠና ሁለት፣ ዘጠና ሁለት።

አንድ ቅዳሜ ሰፊው ሳያስተውል በዘወትሩ ፈንታ አንድ አሮጌ ሜትር አቀበላት። የጨርቅ ሜትር በአገልግሎት ብዛት ይሳባል፤ የተሳበ ሜትር ቁጥሮቹ ስለሚራራቁ ልክን አሳንሶ ያሳያል።

«ዘጠና አንድ!» መጋረጃውን ገፍትራ ወጣች። «ቀነሰ! አንድ ሴንቲ ቀነሰ!»

እንዲህ ስትስቅ አይቷት አያውቅም። ሜትሩን አየና ነገሩ ገባው። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ሳቋን አየና መልሶ ዘጋው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንኑ አሮጌ ሜትር ይበልጥ እንዲሳብ በውኃ እያረጠበ፣ ጫፉ ላይ ትልቁን መቀስ አስሮ ምስማር ላይ ይሰቅለው ጀመር።

በአራተኛው ወር ሰማንያ ስምንት ገባች።

«እጄ ሲዳብሰው ያው ነው ይለኛል» አለችው። «ሜትር ግን አይዋሽም አይደል?»

ቀኑ ተቆረጠ። የስፌት ቤቱ አንጋፋ፣ ቁልፍ በመትከል የኖሩት እትዬ ቁልፍ፣ የሠርግ ቀሚሱን እኔ እሰፋለሁ አሉ።

«ሙሽራ ለሙሽራዪቱ አይሰፋም፤ የቤታችን ደንብ ነው። አንተ ሱሪህን ስፋ! ልክሽ ስንት ነው፣ ልጄ?»

«ሰማንያ ስምንት!» አለች ኮራ ብላ።

«እትዬ፣ ትንሽ ለቀቅ ቢያደርጉት...» አለ ሰፊው።

«ምን ልታበላት አስበህ ነው?»

ሁሉም ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ። ሊናገር የሚችልባት የመጨረሻዋ ደቂቃ እንዲሁ በሳቅ አለፈች።

ቀሚሱ በተለካ ዕለት ዚፑ ወገቧ ላይ ደርሶ ቆመ። እትዬ ቁልፍ ጎተቱ፤ አልሄደም።

«ለባለረጅም ተረከዝ ጫማሽ ብዬ ቁመቱን ሳስረዝም ጎኑን አሳነስኩት እንዴ? እኔን አፈር ያስበላኝ!» ብለው በራሳቸው ሜትር ለኳት። ዘጠና ሁለት።

ተኳሿ ከሰፊው አንገት ላይ ሜትሩን አወረደችና ከእትዬ ቁልፍ ሜትር ጎን ዘረጋችው። ከዜሮ እኩል የተነሡት ቁጥሮች እየራቁ፣ እየራቁ ሄዱ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሳቅሽበት ቀን።»

እትዬ ቁልፍ ቀስ ብለው ወጡ።

«እኔ እኮ እንዳለሽ ነው የምፈልግሽ!» አለ።

«እንዳለሁ ከፈለግኸኝ ለምን አሳነስከኝ?» ድምፅዋ ቁጣ እንኳ አልነበረውም። «እሱ አይቶ ጠላኝ። አንተ ደግሞ ሳታየኝ አሳነስከኝ። እስቲ የቱ ይሻለኛል?»

እሷ ከመጋረጃው ኋላ ገብታ ቀሚሱን አወለቀችና ልብሷን ለበሰች፤ ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለችና ወጣች። በማግስቱ ሌላ ቦታ ሥራ ያዘች።

ሰፊው ቀሚሱን ፈታው። ጎንና ጎኑን በእውነተኛው ልኳ ለቀቀ፤ በእጁ፣ ስፌት በስፌት። በእትዬ ቁልፍ ላከላት።

ቀሚሱ በወሩ ተመልሶ መጣ። ተተኩሷል። እጅጌው ላይ መስመር ሳይወጣበት፣ እሷ ብቻ እንደምትተኩሰው አድርጋ ተኩሳዋለች። አንድ ቃል የተጻፈበት ወረቀት የለም።

ሊሰቅለው ሲያነሣ የቀሚሱን ጫፍ አየ። ከሥሩ፣ ዙሪያውን፣ ቀጭን የአቧራ መስመር አለ። ያ ቀሚስ ባለተረከዝ ጫማ ላደረገች የተቆረጠ ነው፤ ወለል የሚነካው በባዶ እግር ሲለበስ ብቻ ነው።

ለብሳው ነበር። አንዴ፣ ብቻዋን፣ በባዶ እግሯ።

ልክ ሆኗት እንደሆነ ማንን ይጠይቃል? ቀሚሱን ምስማሩ ላይ ሰቀለው። አቧራውን አላራገፈም።