የሹራቡ ትዕይንት

ተዋናይቷ ንግግሩ መሃል ላይ እንደገና ቆመች። «ይቅርታ ጋሼ፣ አልሄድ አለኝ» አለች አዘጋጁን።

ጭምት ከመድረኩ ጎን ሆና ቀጣዩን ቃል አስታወሰቻት። ጭምት ቅጽል ስሟ ነው፤ ክፍል ውስጥ ብዙ ስለማታወራ የወጣላት። እሷና ጓደኛዋ ሳቂታ ክረምቱን በዚህ ቴአትር ቤት በተለማማጅነት እየሠሩ ነው። ሁለቱም አጫጭር ተውኔት አስገብተው ነበር። አዘጋጁ ለመድረክ የመረጡት ግን የሳቂታን ነው።

ያን ቀን ጭምት «እንኳን ደስ አለሽ!» ብላ አቀፈቻት። ፊቷ ሳቀ፤ ሆዷ እርር ድብን አለ። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትጽፍ የኖረችው እሷ፤ ሳቂታ ብዕር ያነሳችው ገና ዘንድሮ! አሁን እሷ ወንበር ስታነሳ፣ የሳቂታን ቃል እውነተኛ ተዋናይት ልትናገርላት?

ዛሬ ጠዋት ሳቂታ «የእናትየዋ ንግግር አልተንዛዛም?» ብላ ጠየቀቻት። መንዛዛቱን ጭምት ታውቃለች። «አንድም ቃል እንዳትነኪ! ምርጡ ቦታ እሱ ነው» አለቻት።

በትዕይንቱ እናት ከቤት ለምትሄድ ልጇ ሻንጣ እያዘጋጀች ስለ ፍቅሯ፣ ስለ ብቸኝነቷ ታወራለች፣ ታወራለች።

«ልጄ፣ እዚህ ጋ ቆረጥ ብናደርገው?» አሉ አዘጋጁ።

«አይ ጋሼ፣ ምርጡ ቦታ እሱ ነው» አለች ሳቂታ።

አዘጋጁ ግንባራቸውን አሸት አሸት አደረጉ። «እንግዲህ ከሻይ በኋላ ካልተቃና፣ የጓደኛሽን እንሞክራለን።»

ጭምት ቀና አለች። የእኔ! ዝም ብትል በቃ፣ ሌላ ምንም አይጠበቅባትም።

ሌሎቹ ለሻይ ሲወጡ ተዋናይቷ ብቻዋን መድረኩ ላይ ቀረች። ሻንጣው ውስጥ የሚገባውን የልጅቷን ሹራብ አጠፈች። መልሳ ዘረጋችው። እጅጌውን በመዳፏ ደባበሰችና እንደገና አጠፈችው። ቃል አልወጣትም። ጭምት ከመድረኩ ጎን ሆና ዓይኗን መንቀል አቃታት። የእሷም ተውኔት ከዳር እስከ ዳር በወሬ የታጨቀ መሆኑ ያኔ ታያት። ቤቷ ቁጭ ብላ ስትጽፍ ይህ መቼም አይታያትም ነበር።

ሳቂታ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ትበላለች። ጭምት ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ንግግሩን አውጪው። እናትየዋ ሹራቡን ብቻ ትጠፍ።»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ አትንኪ ያልሽኝ?»

«ዋሽቼሽ ነው።»

«ለምን?»

«ቀንቼብሽ።»

ሳቂታ ትክ ብላ አየቻት። ጽሑፏን አነሳችና ወደ ተዋናይቷ ወረደች።

ጭምት አልተከተለቻትም። ከቦርሳዋ የራሷን ተውኔት አወጣችና፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ የትኛው ቃል ቢቀር እንደሚሻል ማየት ያዘች።