ሙባረክ ከመባሉ በፊት

«ነጅሙዲን፣ አብዱልሰመድ፣ ሙባረክ፣ ሙሀባ፣ ኑርዬ...»

«ቆይ፣ ቆይ! ሙሀባና ኑርዬ የእኔ ናቸው!» ሲሃም ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ዙልፋ ሰሌዳው ፊት እንደቆመች፣ አምስት ጣቶቿን እንዳጠፈች ጠበቀች። በእነ ዙልፋ ሰፈር ሰባት አባቶቹን መቁጠር ያልተማረ ልጅ ብርቅ ነው። አያት ያስጠናል፤ አንዱን የዘለለ ልጅ ከመጀመሪያው እንዲጀምር ይደረጋል። እንደ ዙልፋ ግን አንድም ሳይሳሳት የሚያንበለብለው አልነበረም። በዚህ ትንሽ ትኮራለች፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ሳይሆን በደንብ ትኮራለች።

«ጨርሺ እስቲ» አሉ የታሪክ መምህሩ፣ ቲቸር ኪሩቤል።

«ቡሽራ፣ ዳውዬ።»

«ይኸው! አንድም አልተለየም!» አለች ሲሃም። «የአያቴ አባት ሐሚድ ነው፤ የሐሚድ አባት ሙሀባ። ያንቺ ሙባረክ የሐሚድ ወንድም ነው ማለት ነው። አቦ፣ እህቴ ነሽ ለካ!»

እየሮጠች መጥታ የዙልፋ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ ጓደኛሞች ዘመዳሞች ሆነው ሲገኙ ማን አይደሰትም? ዙልፋ ከደስታዋ ብዛት ወደ ቦታዋ መመለሱን ራሱ ረሳችው።

ቲቸር ኪሩቤል ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና ጠመኔ አነሱ። «አሁን ደግሞ የሌላ ሰው አባቶች እንቁጠር። ዛሬ አሜሪካ የሚኖር አንድ ጥቁር ልጅ፣ ቅድመ አያቶቹ በመርከብ ተግዘው የተሸጡ፣ እንደ ዙልፋ ልቁጠር ብሎ ቢነሳ የት ይደርሳል?» ሰሌዳው ላይ መስመር አሰመሩ። ከመስመሩ በታች አራት ስም ጻፉ፤ በላይ ምንም አልጻፉም። «እዚህ ሲደርስ የራሱ አባቶች ይጠፉበታል። የሚያገኘው የገዛቸውን ሰውዬ ስም ነው። በቀይ ባሕር በኩል የተወሰዱም አሉ፤ ከእኛው ሀገር ጭምር።»

«ያሳዝናሉ» አለች ዙልፋ በሹክሹክታ። ሲሃምም ራሷን ነቀነቀች።

ቅዳሜ ወላጆች የሚጋበዙበት የታሪክ ክበቡ ዝግጅት ነበር፤ ርዕሱም የጥቁር ሕዝቦች ታሪክ። መድረኩን አባቶቿን በመቁጠር እንድትከፍት ዙልፋ ተመረጠች።

በማግስቱ ግን ሲሃም ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልሰጠችም። በእረፍት ሰዓት ዙልፋ ክንዷን ይዛ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ወሰደቻት።

«ምን ሆነሻል? ተኮራረፍን እንዴ?»

«አያቴን ጠየቅኋቸው።» ሲሃም ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። «ዘመዶቻችን አይደሉም አሉኝ።»

«እንዴት አይደለንም? ስሞቹስ?»

«ተይው በቃ።»

«ሲሃም፣ ወላሂ ካልነገርሽኝ አልለቅሽም።»

«ሙባረክ የተገዛ ነው አሉ። ልጅ እያለ ሙሀባ ከአሊዩ አምባ ገበያ ገዝተው አመጡት። በእኛ አባቶች ስለሚቆጥር ነው እንጂ ደም አይገናኘንም አሉ።» ይህን ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ዙልፋ ክንዷን ለቀቀች። «አያትሽ ይዋሻሉ!» ብላ ጥላት ሄደች።

«ማንም አያውቅም እኮ!» ሲሃም ከኋላዋ ተከተለቻት። «እኔ ትንፍሽ አልልም። ቅዳሜ እንደለመድሽው ቁጠሪ፤ አጠገብሽ እቆማለሁ።»

ደግ ልጅ ናት ሲሃም። ደግነቷ ደግሞ ነገሩን አባሰው፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ ተጣልቶ መገላገል ይቻል ነበር።

ዙልፋ ቤት ስትደርስ አያቷ አባባ አብዱልሰመድ ጥላው ሥር ተቀምጠው ማሾ ይለቅማሉ። ቦርሳዋን ሳታወርድ ፊታቸው ቆመች።

«አባባ፣ ሙባረክ የማን ልጅ ነው?»

«ምን?» አሉ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው። ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል።

«አባትዎ! ሙባረክ! የማን ልጅ ነው?»

«የሙሀባ ነዋ። አስቆጥሬሽ የለ?»

«እውነቱን ይንገሩኝ። የሲሃም አያት ተገዝቶ የመጣ ነው ብለዋል።»

ይቆጡኛል የሚሉ ዓይኖች ነበሯት፤ እሳቸው ግን አልተቆጡም። ሰፌዱን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡና አጠገባቸው እንድትቀመጥ ምልክት ሰጧት።

«ለአባትሽም አልነገርኩትም» አሉ። «አባቴ ሲሸጥ ጥርሱን ገና አልቀየረም ነበር። አገሩ የት እንደሆነ አያውቅም፤ ብዙ ወንዝ አሻገሩን ነው የሚለው። ሙባረክ ያሉት ገዢዎቹ ናቸው። ነፃ ከወጣም በኋላ ሰዉ ‹የሙሀባ ሙባረክ› ማለቱን አልተወም። እኔም አያትሽን ላገባ ሽማግሌ ብልክ፣ ቤተሰቦቿ ‹ይቁጠርልና!› አሉ። ሰባት አባት ለሌለው ማን ልጁን ይሰጣል? የሙሀባን አባቶች ቆጠርኩ፤ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲያ እሱኑ ስቆጥር ኖርኩ።»

«ሙባረክ ከመባሉ በፊትስ ማን ነበር?»

ሽማግሌው ግራና ቀኝ ተመለከቱ። በግቢው ውስጥ ከዶሮዎቹ በቀር ማንም አልነበረም።

«አንጁሎ» አሉ። «እናቱ እንዲያ እያለች ስትጠራው ትዝ ይለዋል። የነገረኝ ሊሞት ሲል ነው።»

«የአንጁሎ አባትስ?»

«እኔም ጠይቄው ነበር። ‹አባዬ ነበር የምለው፤ ሌላ ስም እንዳለው በምን አውቃለሁ?› አለኝ። እውነቱን ነው። ትንሽ ልጅ አባቱን በስሙ ይጠራል እንዴ?»

ዙልፋ አለቀሰች። ቀኑን ሙሉ ስታፍር ውላ ነበር፤ አሁን ያስለቀሳት ግን ሐፍረት አልነበረም። ያ ጥርሱን ያልቀየረ ልጅ አንጀቷን በላው። ትናንት «ያሳዝናሉ» ያለችው ከውቅያኖስ ማዶ ላሉ፣ በዓይኗ አይታቸው ለማታውቅ ሰዎች ነበር። ለካ ከቲቸር ኪሩቤል መስመር በታች የእሷም ስም አለ።

«ቅዳሜ ምን ልበል አባባ?»

«እኔ ፈርቼ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አትፍሪ የምልበት አፍ የለኝም። ሰውም እንደሆነ ማውራቱን አይተውም፤ ነገ ደግሞ አንቺም የምታገቢ ነሽ። ፍሪ እንዳልልሽ ግን...» አባባ አብዱልሰመድ አንገታቸውን አቀረቀሩ። «ልጄ፣ አላውቅም።»

«ይመጣሉ ግን?»

«እመጣለሁ እንጂ፣ ኢንሻአላህ።»

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የሸዋ ሮቢት ሙቀት በቆርቆሮው በኩል ይወርዳል፤ ሰው በእጁ ያገኘውን ሁሉ እያነሳ ያራግባል። የሲሃም አያት ጋሽ ሙዐዊያ ከፊት ወንበር ላይ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው ተቀምጠዋል። ቀድመው የመጡት ሰዎች የፊቱን ስለያዙት አባባ አብዱልሰመድ የደረሳቸው ቦታ የመጨረሻው ረድፍ፣ በሩ አጠገብ ነበር።

ዙልፋ ስሟ ሲጠራ መድረኩ ላይ ወጣች። ሲሃም ቃሏን ጠብቃ ከጎኗ ቆመች።

«ነጅሙዲን፣ አብዱልሰመድ፣ ሙባረክ...»

ቆመች። ሲሃም፣ ዙልፋ የረሳችው መስሏት፣ «ሙሀባ» ስትል ከንፈሯን አንቀሳቀሰች።

«ሙባረክ በኋላ የወጣለት ስም ነው» አለች ዙልፋ፣ እምብዛም ርቆ በማይሰማ ድምፅ። «የራሱ ስም አንጁሎ ነው። ልጅ ሆኖ ስለተሸጠ የአባቱን ስም አያውቅም። እኔም አላውቅም።»

ሲሃም በእጇ አፏን ያዘች። ጋሽ ሙዐዊያ ምርኩዛቸውን ጨበጡ። ከሁለተኛው ረድፍ ወዲያ ያለው ሰው ግን እርስ በርሱ «ምን አለች?» እየተባባለ ነበር።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙሽም» አሉ ቲቸር ኪሩቤል ከአዳራሹ ጥግ፣ እሳቸውም ሳይሰሙ። «ድምፅሽን ከፍ አድርጊና ከመጀመሪያው ቁጠሪልን።»

ከመጀመሪያው! መንገዱ እንደገና ተከፈተላት። አሁን ሙሀባ፣ ኑርዬ ብላ ብትቀጥል ከፊት የተቀመጡት «ተሳስታ ነበር» ይሏታል፤ ጋሽ ሙዐዊያም ዝም ይላሉ፤ ሁሉም ነገር እንደነበረው ይሆናል። ሰባቱ ስሞች አፏ ውስጥ ተደርድረው ቆመዋል። ለመናገር ቀላሎች ናቸው፤ በእንቅልፏም ትላቸዋለች።

ቀና ስትል በሩ አጠገብ አያቷን አየቻቸው። ከወንበራቸው ተነስተው፣ እጃቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አድርገው፣ አንገታቸውን ወደ መድረኩ አስግገዋል። የትኛውን እንደቆጠረች ገና አላወቁም።

ዙልፋ ትንፋሽ ወሰደች።

«ነጅሙዲን!» አለች። «አብዱልሰመድ! አንጁሎ!»

አባባ አብዱልሰመድ እጃቸውን ከጆሯቸው ላይ አወረዱ።